ሲሄዱ የራቀ አገር ሲመለሱ ለምን ይቀርባል?

እናቴ አራስ እህቴን ልትንከባከብ ሚያዝያ ላይ ከባሕር ዳር ወደ ዋሽንግተን ሄዳ ነሐሴ ላይ በተመለሰች ማግስት፣ እንኳን ደህና መጣሽ ሊሏት በተሰበሰቡት ጎረቤቶች ፊት «ስሄድ እንዲያ ያንገላታኝ አገር፣ ስመለስ ምነው ቀረበ?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ እውነትነት ነበረው፤ ሲሄድ አየርላንድ፣ ደብሊን ላይ ለነዳጅ ያረፈው አውሮፕላን፣ ሲመለስ የትም ሳይቆም 13 ሰዓት ያህል በርሮ ቦሌ አድርሷታል።

ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው አጭሩ መስመር 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በጠፍጣፋ ካርታ ላይ መንገዱ በቀጥታ ወደ ምዕራብ የሚሄድ ቢመስልም፣ በሉል ላይ ክር ወጥሮ ያየ ሰው ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምዕራብ እንደሚያቀና ይረዳል፤ በመሆኑም በደብሊን በኩል መሄድ በርቀቱ ላይ 300 ኪሎ ሜትር እንኳ አይጨምርም። ጊዜውን የሚወስደው ማረፉ፣ ነዳጅ መሙላቱና እንደገና መነሳቱ ነው።

የማረፉ ምክንያት ያለው እዚሁ አገራችን ውስጥ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብሎ ስለሚገኝና አየሩ በባሕር ጠለል ካለው 20 በመቶ ያህል ስለሚሳሳ፣ የሞተሩ ጉልበትም ሆነ ክንፉን የሚያነሳው ኃይል ይቀንሳል፤ ስለዚህ አውሮፕላኑ መንገደኛውን ከነሻንጣው ጭኖ ለዚህ ሁሉ ርቀት የሚበቃ ነዳጅ ይዞ መነሳት ይቸግረዋል። ደለስ ግን ከፍታው 100 ሜትር ስለማይሞላ ያን ሁሉ ተሸክሞ ይነሳል።

ሁለተኛው ምክንያት ነፋስ ነው፤ ይህን ጣና ዳር ላደገ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፣ ነፋስ ፊት ለፊት የገጠመው ታንኳ ቀዛፊ ያውቀዋል። በአውሮፕላን ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ አለ። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር የሚበርር አውሮፕላን በመንገዱ ሁሉ በአማካይ የ50 ኪሎ ሜትር ነፋስ ቢገፋው ያን ርቀት በ12 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ገደማ ይጨርሰዋል፤ ያው ነፋስ ቢገጥመው ግን 13 ሰዓት ተኩል ይፈጅበታል።

እናቴን ይበልጥ ያደናገራት ሰዓቱ ነበር። በክረምታችን ዋሽንግተን ከእኛ 7 ሰዓት ወደኋላ ስለሚቀር፣ በእነሱ ጠዋት 4:30 ተነስቶ 13 ሰዓት የበረረ ሰው በእኛ ማግስቱን ጠዋት 12:30 ይደርሳል። ትኬቱ ደግሞ የሚጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ 6 ሰዓት መቀነስ ግድ ነው፤ ይህን ዘንግቶ በረራ ያመለጠው ሰው ጥቂት አይመስለኝም።

እናቴ ይህን ሁሉ በጥሞና ከሰማች በኋላ፣ ጠዋት ቦሌ ደርሳ እስከ ማታ የጠበቀችውን የባሕር ዳር በረራ አነሳች። ርቀቱ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በረራውም የአንድ ሰዓት ያህል ነው፤ የማታውን ትኬት የቆረጥኩላት ደግሞ እኔው ነኝ። «ይሄስ የማን ነፋስ ነው?» ስትለኝ ጎረቤቶቻችን ሳቁ፤ እኔም ቡና ላቀርብ ተነሳሁ።