አንድ ባና ለሁለት

ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ከመንዝ ገጠር መሐል ሜዳ መጥቼ ቤት ተከራየሁ። ቤት ስል አንዲት ጠባብ ክፍል ናት፣ ከሰፈራችን ልጅ ጋር የተጋራናት። ሰሜን ሸዋ ገጠር ያደገ ሰው ይሄን ኑሮ ያውቀዋል። አርብ ከትምህርት መልስ በእግር ወደ ቤተሰብ፣ እሁድ ከሰዓት ደግሞ በሶውን፣ ቆሎውን፣ ሽሮና ድርቆሹን ተሸክሞ ወደ ከተማ። የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ሲመጣ አንዱን ባና ለሁለት ለብሰን ጀርባ ለጀርባ ተጣብቀን እንተኛለን።

እንግዲህ አስቡት፣ በአስራ አምስት ዓመቴ ከሰኞ እስከ አርብ አባትም እናትም አጠገቤ የሉም። ሲያመኝ ውሃ የሚያቀርብልኝ፣ ስዋሽ "ተው እንጂ" የሚለኝ፣ ተኮራርፈን ካደርን በኋላ ጠዋት በሶ በጥብጦ "እንካ" የሚለኝ እሱ ነው። መታረቅን የተማርኩት እዚያች ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሏ አንድ ስለሆነች አኩርፈህ የምትሄድበት የለም።

ስለ ጉርምስና ሲወራ ግን ጓደኛ የሚነሳው ልጅ ተበላሸ ለማለት ብቻ ነው። "ከአህያ የዋለች ጊደር" ይጀመራል፣ ቀሪውን ታውቁታላችሁ። እውነት የለውም አልልም። አስረኛ ክፍል ሆኜ አምስት ሆነን እየፎረፍን ፑል ቤት እንውል ነበር፣ ብቻውን ቢሆን ግን ከመሃላችን አንዱም አይሞክረውም። በ2005 እ.ኤ.አ. ጋርድነርና ስታይንበርግ የሚባሉ ተመራማሪዎች ሰዎችን በኮምፒውተር የመኪና ጨዋታ አጫውተው ነበር። ከ13 እስከ 16 ዓመት ያሉት ልጆች እኩዮቻቸው አጠገባቸው ሲሆኑ ብቻቸውን ከሚጫወቱት ይበልጥ አደጋ ይደፍሩ ነበር፤ ከ24 ዓመት በላይ ባሉት ላይ ግን እኩያ መኖሩ ይህን ያህል ለውጥ አላመጣም። ይሄን ሳነብ ትዝ ያለኝ ያ ፑል ቤት ነው።

ከዚያ ያወጣኝም ጓደኛ ነው። ያኔ እግሬን ተጎድቼ ስለነበር ለሁለት ሳምንት ስንቄን ከራሱ ስንቅ ጋር ደርቦ ያን ሁሉ ዳገት የተሸከመው እሱ ነበር። አንድ ቀን ፑል ቤቱ በር ላይ መጥቶ ቆመ። አልጮኸም። "እናትህ የቋጠረችልህን በሶ የተሸከምኩት እዚህ እንድትውል ነው?" አለኝና ሄደ። አባቴ ቢገርፈኝ እልህ ይይዘኝ ነበር። እሱ ሲለኝ ግን አፈርኩ። በዚያ ዕድሜ እኩያህ ፊት ማፈርን የሚያህል ነገር የለም።

ስለዚህ ልጃችሁን ከተማ ቤት የተከራያችሁለት ወላጆች፣ "ከማን ጋር ነው የምትውለው?" ብላችሁ ብቻ አትለፉ። እሁድ አብራችሁ ሂዱ። አብሮት የሚያድረውን ልጅ በስሙ ጠርታችሁ አጫውቱት፣ ቤታችሁም ጋብዙት። እናቴ ስለ ፑል ቤቱ እስከ ዛሬ አልሰማችም። እግሬ ከዳነ በኋላ ግን እሁድ እሁድ ሁለት ቋጠሮ ታዘጋጅ ነበር፣ አንዱ የእሱ ነው።