የታገደ አታችመንት፦ የእምቦጭ መረጃ ከባሕር ዳር እንዴት እንደላክሁ

ጥቅሉ አራት ነገር ነበረው፦ በጣና ዳር የተወሰዱ የእምቦጭ ነጥቦች በሼፕፋይል (የካርታ መረጃ መያዣ)፣ የገበሬዎች ስምና ስልክ ያለበት የአክሰስ ዳታቤዝ፣ በስልክ የተነሡ ፎቶዎች፣ ፎቶዎቹን በቀን የሚደረድር ትንሽ ባች ፋይል (ኮምፒውተሩ የሚፈጽማቸው ትእዛዞች የተጻፉበት)። ሁሉንም በአንድ ዚፕ አድርጌ ጂሜይል ላይ ለማያያዝ ስሞክር ለደኅንነት ሲባል ታግዷል አለኝ።

ያስቀረው ባቹ ነው። ጂሜይል እንደ ባት (ባች ፋይል)፣ ኢኤክስኢ፣ ጄኤስ፣ ኤምኤስአይና አይኤስኦ ያሉትን የፋይል ዓይነቶች ዚፕ ውስጥ ገብቶ ጭምር ይፈልጋል፤ አንድ ኪሎባይት የማትሞላ ፋይል ፎቶውን ሁሉ ይዛ ትቀራለች። ባቹን አውጥቼ የቀሩትን ዚፕ ሳላደርግ አያያዝሁ፤ ሄደ። ነገሩ ግን አላለቀም። ተቀባዩ የሚጠቀመው አውትሉክ ነበር፣ አውትሉክ ደግሞ ጂሜይል የሚያሳልፈውን ኤምዲቢ (የአክሰስ ዳታቤዝ ፋይል) ያግዳል። መልእክቱ ይደርሳል፣ ዳታቤዙ አይከፈትም፤ ላኪው ምንም አይነገረውም። ከዚያ ወዲህ «ደረሰ?» ሳይሆን «ተከፈተ?» ነው የምጠይቀው።

መጠኑም ያታልላል። ኢሜይል አታችመንቱን ወደ ፊደል ሲቀይር 3 ባይት 4 ይሆናል፤ ስለዚህ ፋይሉ በሲሶ ያህል ያብጣል፤ ገደቡ 10 ሜጋባይት የሆነ ሰርቨር 8 ሜጋባይቱን ሊመልስ ይችላል። ፎቶን ዚፕ ማድረግ እዚህ ላይ ብዙም አይረዳም፤ ጄፔግ ቀድሞውኑ የታመቀ ነው።

በየቢሮው የሚነገር መላ አለ፦ ኤክስቴንሽኑን (ዓይነቱን የሚናገረውን የፋይል ስም መጨረሻ) ወደ ቲኤክስቲ፣ ማለትም ወደ ተራ ጽሑፍ፣ ለውጠህ ላክ። እኔ አልመክርም። ማጣሪያው ቢታለፍም ተቀባዩን ስሙ የተለወጠ ፋይል መክፈት ማለማመድ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2000 ዓለምን ያዳረሰው የፍቅር ደብዳቤ ቫይረስ የገባው እንዲሁ በቲኤክስቲ ስም ተሸፍኖ ነው፤ ዊንዶውስ መጨረሻ ላይ ያለውን ቪቢኤስ (የፕሮግራም ፋይል ምልክት) ስለሚደብቅ።

በስተመጨረሻ የሠራልኝ ይህ ነው። ባቹን ተውሁት፤ ፎቶ መደርደር ተቀባዩም አያቅተው። ሼፕፋይሉ ኤስኤችፒ፣ ኤስኤችኤክስና ዲቢኤፍ የተባሉት ክፍሎቹ ከሌሉት ሙሉ አይደለም። ነጥቡ በየትኛው መለኪያ እንደተለካ የሚናገረው ፒአርጄ ከቀረ ደግሞ ይከፈታል፣ ግን በአዲንዳን (የቆየው የካርታ መለኪያ) የተለካው በደብሊውጂኤስ 84 (ጂፒኤስ የሚጠቀምበት) ከተወሰደ ነጥቡ 200 ሜትር ያህል ይሸሻል፤ ዳር ያለው ማሳ ሐይቅ ውስጥ ይገባል። ፎቶዎቹም የተነሡበትን ቦታ በውስጣቸው ይይዛሉ፤ የሰው ቤት የሚያሳዩትን ለይቼ በዊንዶውስ ፕሮፐርቲስ፣ ዲቴይልስ ስር የግል መረጃውን አጠፋሁ።

ከዚያ በአንቲቫይረስ ፈተሽሁ። አንዴ ከተቆለፈ የማንም ማጣሪያ ውስጡን ስለማያይ ፍተሻው ከቁልፉ ይቀድማል። ሰቨን ዚፕ በሚባለው የማጠቃለያ ፕሮግራም፣ ዓይነቱን ሰቨን ዜድ አድርጌ በፓስወርድ ቆለፍሁ፤ ምስጠራው ኤኢኤስ 256 ነው። የፋይል ስሞችን መስጥር የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ካልተደረገ ፓስወርድ የሌለውም ሰው ስሞቹን ያነባል። ዚፕ ላይ ያለው የቆየው የምስጠራ ዘዴ ዚፕክሪፕቶ ደካማ ስለሆነ አልነካውም። ፓስወርዱ በላቲን ፊደልና በቁጥር ይሁን፤ በአማርኛ ከሆነ ሀ፣ ሐ እና ኀ ሲምታቱ ይዋላል። ለተቀባዩ በስልክ ነገርሁት እንጂ ኢሜይሉ ላይ አልጻፍሁትም።

ኔት በሚቆራረጥበት ቀን አንድ ትልቅ ፋይል መጫን ትዕግሥት ያስጨርሳል፤ ሰቨን ዚፕ በ20 ሜጋባይት እንዲከፋፍለው አዘዝሁት። አንድ ቁራጭ ከጎደለ ጥቅሉ በትክክል አይፈታም። ጉግል ድራይቭ ላይ ጫንሁና ለተቀባዩ አድራሻ ብቻ ፈቀድሁ። ሊንኩ ያለው ሁሉ ይክፈት የሚለው ምርጫ ይፈጥናል፣ ግን ሊንኩ አንዴ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ከገባ ማን እንደከፈተው አይታወቅም። የሚገባበትን አድራሻ አስቀድሞ መጠየቅ ነው፤ በሌላ አካውንት ከገባ ፈቃድ ጠይቅ የሚል ገጽ ይመጣበታል።

ቴሌግራም እስከ 2 ጊጋባይት ይወስዳል፤ ተራው ቻት ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ (ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም የማያነበው) ስላልሆነ ያልተቆለፈ ዳታቤዝ አልልክበትም።

ተቀባዩ ሲያወርድ የእያንዳንዱን ቁራጭ ሻ 256 (ከፋይሉ የሚሰላ፣ ፋይሉ ቢለወጥ የሚለወጥ መለያ) በሰቨን ዚፕ አወጣ፤ የመጀመሪያና የመጨረሻ ስምንት ፊደሎቹን በስልክ ተነባበብን፣ ገጠመ። ዳታቤዙን ከፍቶ ስንት መዝገብ እንዳለው ሲነግረኝ ፈቃዱን አነሣሁ፣ ፋይሎቹን ከድራይቭ አጠፋሁ፤ ትራሹ ውስጥ 30 ቀን ስለሚቆዩ እሱንም ባዶ አደረግሁ።