ጡሩምባውን ያስቀረነው እኛ ነን

ባለፈው ጥቅምት የእድራችን የኮሚቴ ምርጫ ነበር። እኔ ሦስት ዓመት በጸሐፊነት አገልግያለሁ። ሰባታችንም የኮሚቴ አባላት እንደገና ለመመረጥ ቀረብን። እድሩ ጅማ ውስጥ፣ ከአወቱ ወንዝ ብዙም በማይርቅ ሰፈር ነው ያለው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ መምህሩም ቡና ነጋዴውም ባለባጃጁም አባል ነው። በ2005ቱ የአካባቢ ምርጫ ድምፅ ሰጥቻለሁ። ግን ድምፅ መስጠት ሌላ፣ የሠሩትን ይዞ ጎረቤት ፊት ቆሞ "እንደገና ምረጡኝ" ማለት ሌላ ነው። ነገ ለቀበሌ ወይም ለከተማ ምክር ቤት የሚወዳደር ሰው ቢኖር የኔ ነገር ይጠቅመው ይሆናል ብዬ ልጻፈው።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ ቀላል መስሎን ነበር። ሠርተናል፣ እንመረጣለን። እውነትም ሠርተናል። ሁለት ድንኳን ገዝተናል፣ የተሰባበሩትን ወንበሮች ቀይረናል፣ መዋጮ በቴሌብር እንዲከፈል አድርገናል። ጡሩምባ ነፊው በእርጅና ሥራ ሲያቆሙ ደግሞ ሌላ ሰው አልቀጠርንም፤ ለቅሶ ሲኖር በቴሌግራም እንናገራለን አልን። ደመወዙ ተረፈ። ሪፖርቱ ውስጥ በጣም የኮራንበት ይህ ነበር። "ዘመናዊ አሠራር" ብዬ ርዕስ ያወጣሁለት እኔ ነኝ።

የፈራነው መዋጮውን ነው። በ2017 ከ50 ብር ወደ 100 ብር አሳድገነው ነበር። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ፣ የድንኳኑ ሸራም የፕላስቲክ ወንበሩም ዘይቱም አብሮ ወጣ፣ ለሐዘንተኛ የምንሰጠው ገንዘብ የሦስት ቀን ለቀስተኛ ማስተናገድ አቃተው። ሌላ አማራጭ አልነበረንም። ያም ሆኖ በመዋጮው እንወድቃለን ብለን ስለሰጋን ሪፖርቱን ከላይ እስከ ታች በቁጥር ሞላነው።

ከምርጫው ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ አንዲት እናት ቤት ደረሰኝ ላደርስ ሄድኩ። ቡና እየፈላ ነበር፤ ቁጭ በል አሉኝ። "እማማ፣ ምርጫው ደርሷል፣ እንዳይቀሩ" አልኳቸው። ዝም አሉ። ስኒውን ካቀበሉኝ በኋላ ነው የተናገሩት።

"ልጄ፣ የጓደኛዬን ለቅሶ ያልደረስኩት በእናንተ ነው።"

ከወንዙ ማዶ የሚኖሩ የድሮ ወዳጃቸው ናቸው። ሙስሊም ናቸው፤ ንጋት ላይ አርፈው ቀብራቸው በዚያው ቀን ተፈጸመ። ሐምሌ ነበር፣ ዝናቡ ከቤት አያስወጣም። መልእክቱ በቴሌግራም ወጥቷል። እማማ ያላቸው ባለቁልፍ ስልክ ነው። በወሩ መጨረሻ ለቅሶ ባለመድረስ 50 ብር ተቀጡ፤ ቅጣቱ ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ። "ብሩን ከፍያለሁ፣ ብሩ አይደለም" አሉኝ። "አስከሬኗ ከቤት ሲወጣ እኔ ጓዳ ቁጭ ብዬ ምስር እለቅም ነበር።"

የምለው ጠፋኝ። ቤቴ ስገባ የቅጣት መዝገቡን አወጣሁ። በሁለት ዓመት 31 ሰው ቀጥተናል። ስማቸውን አንድ በአንድ ሳየው 19ኙ ቴሌግራም የማይጠቀሙ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ናቸው። ሳንነግራቸው ቀጥተናቸዋል። የኮራንበት ሥራ ማለት ይኼ ነበር።

ለኮሚቴው ነገርኩ። ሊቀመንበራችን ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፣ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ የሚላቸው። "ይህን ጉባኤ ላይ ራሳችን ካወጣነው በገዛ እጃችን ወደቅን ማለት ነው" አሉ። ስጋታቸው ይገባኛል። ብዙ ተከራከርን። መጨረሻ ላይ ሁለት ሁለት ሆነን ቤት ለቤት እንሂድ፣ ከሰማን በኋላ እንወስን ተባባልን።

ከሁሉ የጠቀመን ይሄ ነው። ሰው ጉባኤ ላይ የማይናገረውን ቤቱ ይናገራል፣ በተለይ ሴቶች። መዋጮው ለምን ጨመረ ያለኝ ሰው በጣም ጥቂት ነው፤ ገበያ የሚወርዱት እነሱ ናቸውና ከኛ በላይ ያውቁታል። የሚጠይቁት ብሩ የት እንዳለ ነው። ስለዚህ የባንክ ሒሳቡን ፎቶ ኮፒ ይዤ መዞር ጀመርኩ። ሌላ ደግሞ አንድ ቤት ስንገባ፣ አብሮኝ የነበረው ገንዘብ ያዣችን በኦሮምኛ ሲያስረዳ እናትየው "ሪፖርቱን ዛሬ ነው የሰማሁት" አሉት። ሦስት ዓመት ሙሉ በአማርኛ ብቻ አንብቤያለሁ። ጅማ ተወልጄ አድጌ ይህን አለማሰቤ እስካሁን ይቆጨኛል።

የምርጫው ቀን እሑድ ነበር። 40 ደቂቃ የሚወስደውን ሪፖርት ወደ 10 ደቂቃ አወረድኩት። ድንኳኑንም ቴሌብሩንም ወደ ኋላ አድርጌ በቅጣቱ ጀመርኩ። "ጡሩምባውን ያስቀረነው እኛ ነን። አላማከርናችሁም። ሳይሰሙ የተቀጡ ሰዎች አሉ፣ ብራቸው እንዲመለስ ጉባኤው ይወስንልን" አልኩ። ገንዘብ ያዡ እየተከተለ በኦሮምኛ ተናገረው። አዳራሹ ተንጫጫ። አንድ ጎልማሳ ተነስቶ "ምርጫ ሲደርስ ነው የታየን?" አለ። ደግ ጥያቄ ነው። አዎ፣ ቤታችሁ የመጣነው ምርጫ ስለደረሰ ነው፣ ቀድመን መምጣት ነበረብን አልኩት። ከዚህ ሌላ እውነት አልነበረኝም። ከዚያ ጋሼ ራሳቸው ተነሱ። "ውሳኔው የኔ ነበር፣ ልጆቹ የፈረሙት እኔ ብዬ ነው" አሉ። አልጠበቅኩም።

ሁለት ነገር ደግሞ አስቀድመን በማድረጋችን ደስ ይለኛል። መዝገቡን ከሁለት ሳምንት በፊት ለተቆጣጣሪው አስረከብን፤ ሪፖርቱ ካለቀ በኋላ መድረኩን ለቀን ወርደን ከአባላቱ ጋር ተቀመጥን፣ ምርጫውን የማይወዳደሩ ሰዎች መሩት። የተጠየቀ ኮሚቴ መድረክ ላይ ተኮፍሶ "ይመረጥ አይመረጥ" ሲባል ማን ደፍሮ ይቃወማል? ድምፁም በወረቀት ሆነ። እጅ አውጡ ቢባል ጎረቤት በጎረቤቱ ፊት ያፍራል።

ከሰባታችን አራታችን ተመለስን። ጋሼ አልተመለሱም፤ በጥቂት ድምፅ ነው የቀሩት። ጥፋቱን በራሳቸው ላይ ባይወስዱ ኖሮ ይመረጡ እንደነበር አስባለሁ፤ እሳቸው ባይናገሩ ደግሞ እኔ የምመረጥ አይመስለኝም። ይህ ሐሳብ አሁንም ከውስጤ አልወጣም። በዚያው ሳምንት ማኅተሙንና የመጋዘኑን ቁልፍ ቆጥረው አስረከቡ፣ የጎደለ አንድ ወንበር እንኳ አልነበረም።

አሁን በየስድስት ወሩ ቤት ለቤት እንዞራለን። ቅጣት ከመጻፌ በፊትም መልእክቱ ለሰውየው መድረሱን አጣራለሁ። ቴሌግራሙ አለ፣ ግን አንድ ወጣት ጡሩምባ ነፊ ቀጥረናል። ኅዳር ላይ አንድ ቀን ከንጋቱ 11 ሰዓት ግድም ነፋ። ነጠላዬን ደርቤ ስደርስ እማማ ቀድመውኝ ደርሰው ከሐዘንተኞቹ ጋር ተቀምጠው ነበር።