ከአንድ የበገና አጥኚ ጋር

ባለፈው ዓቢይ ጾም ከአንድ የሙዚቃ መምህር ጋር ረዘም ያለ ጨዋታ ይዤ ነበር። መምህሩ የባህል ሙዚቃ ያጠናሉ፤ በገናም ይደረድራሉ። የሄድሁት ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የሚባሉት ቅኝቶች ለበገና ምን ያህል እንደሚሠሩ ለመጠየቅ ነው። እሳቸው ግን መልስ ከመስጠታቸው በፊት በገናውን አቅርበው ጅማቶቹ በሚያርፉበት እንጨት፣ በበርኩማው፣ ላይ ካሉትና እንዚራ ከሚባሉት የቆዳ ቁራጮች አንዷን በጥፍራቸው ገፋ አደረጓት። እስከዚያች ቅጽበት ደረቅ ድምፅ ይሰጥ የነበረው ጅማት ወዲያው እንደ ንብ መንጋ ይነዝር ጀመር። «ይህችን እንዚራ እስቲ በኖታ ጻፋት» አሉኝ።

ነገሩ ቀልድ ብቻ አልነበረም። የቤተ ክርስቲያን ዜማ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ምልክት ሲበጅለት፣ የበገና ድርደራ በአብዛኛው ከመምህር ወደ ተማሪ በጆሮና በጣት ሲተላለፍ ቆይቷል። ከ10ሩ አውታሮች አብዛኛውን ጊዜ የሚመቱት 5 ወይም 6 ብቻ ናቸው፤ ከቀሩት አንዳንዶቹ የጣት ማሳረፊያ ይሆናሉ። ይህንን ከመጽሐፍ አንብቤ ብሆን ኖሮ አልፌው እሄድ ነበር፤ ጣታቸው ዝም ባለው ጅማት ላይ ሲያርፍ ካየሁ በኋላ ግን ጥናታቸው ለምን ከመጫወታቸው እንደማይለይ ገባኝ። ሲደረድሩ ራሳቸውን በመቅረጫ ሲቀርጹ ግን እጃቸው እንደሚጠነቀቅና የድርደራው ለዛ እንደሚቀንስ ሳይሸሽጉ ነገሩኝ።

የቅኝቱ ጥያቄዬ ሳይመለስ መሸ። ሌላ ቀጠሮ ይዘናል።