ግፊቱ ሳይመጣ በ12ኛው ሳምንት ማየት

ደብረ ማርቆስ ላይ የእርጉዝ አልትራሳውንድ ነው የምሠራው። በፕሪኢክላምፕሲያ፣ ማለትም በእርግዝና በሚመጣ አደገኛ የደም ግፊት፣ ግፊታቸው ሰማይ ነክቶ፣ አንዳንዶቹም እያንቀጠቀጣቸው ከገጠር በአምቡላንስ የሚደርሱ እናቶችን ሳይ፣ የ12 ሳምንት ምርመራ የልብ ምት አይቶ መሸኘት ብቻ መሆኑ አላስቀምጥ አለኝ። ማሽኑ የደም ፍሰትን የሚያሳየው ዶፕለር አለው፤ ለምን ሥራ ይፈታል?

በጤናማ እርግዝና የእንግዴ ልጁ ሴሎች ማህፀን ግድግዳ ውስጥ ገብተው ጠባቦቹን የደም ስሮች ያሰፏቸዋል። ይህ በደንብ ካልሆነ ደሙ እየታገለ ነው የሚያልፈው። ትግሉ ደግሞ ግፊቱ ከመምጣቱ ወራት ቀድሞ በዶፕለር ሊታይ ይችላል።

የምለካው ከ11 ሳምንት እስከ 13 ሳምንት ከ6 ቀን ባለው ጊዜ ነው። መጀመሪያ የማህፀን በሩን በቁመቱ አወጣለሁ። ከዚያ ሆዷ ላይ ያረፈውን የማሽኑን እጀታ (ፕሮቡን) ሳላነሳ ቀስ አድርጌ ወደ ጎን አዘነብለዋለሁ፤ የደም ፍሰቱን በቀለም የሚያሳየውን ከለር ስከፍት የማህፀኑ ደም ወሳጅ ከማህፀን በሩ ውስጠኛ አፍ ጎን ቦግ ይላል። የዶፕለሩን መለኪያ 2 ሚሊ ሜትር አድርጌ የደም ስሩ መሃል ላይ አሳርፋለሁ፣ አንግሉ ከ30 ዲግሪ በታች። የደሙ ከፍተኛ ፍጥነት በሴኮንድ ከ60 ሴንቲ ሜትር ካልበለጠ ሌላ ስር ይዤ ሊሆን ስለሚችል እንደገና እፈልጋለሁ። ደሙ ምን ያህል እየታገለ እንደሚያልፍ የሚጠቁመውን ቁጥር (ፒአይ ይባላል) በግራና በቀኝ ለክቼ አማካዩን እወስዳለሁ፤ 2.35 አካባቢ ካለፈ ከፍ ያለ ነው።

ቁጥሩን ብቻውን ግን አላምነውም። ከፍ ብሎባቸው በሰላም የሚወልዱ ብዙ ናቸው። ስለዚህ ቁጭ አድርጌ በሁለቱም ክንድ ግፊቷን እለካለሁ፣ ስኳር፣ ኩላሊት፣ መንታ፣ የቀድሞ እርግዝና፣ ሁሉንም እጠይቃለሁ።

ይህ ሁሉ ልፋት ለአስፕሪን ነው። በ2017 የወጣው አስፕሬ የተባለ ጥናት፣ ስጋታቸው ከፍ ያለ እናቶች በየማታው 150 ሚሊ ግራም እስከ 36 ሳምንት ሲወስዱ ከ37 ሳምንት በፊት የሚመጣው ፕሪኢክላምፕሲያ በ62 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። ግን ከ16 ሳምንት በፊት መጀመር አለበት፣ እኛ ጋ ደግሞ እርግዝና ሆድ እስኪገፋ ይደበቃል።

አንዲት አማት ምራታቸውን አስከትለው መጥተው፣ «ልጄ፣ ገና ምኑም ሳይታይ ምኑን ልታየው ነው?» አሉኝ። «እማማ፣ እስኪታይ ከጠበቅን መድኃኒቱ ይዘገይብናል» አልኳቸው። ስክሪኑን አዙሬ ሞገዱን አሳየኋቸው። አሁን የጎረቤት ነፍሰ ጡሮችን ቀድመው የሚልኩልኝ እሳቸው ናቸው።

ጤና ጣቢያ ላሉ ባልደረቦቼ፦ ቀድሞ ፕሪኢክላምፕሲያ የነበረባት እናት ስትመጣ ዶፕለር ፍለጋ አታቆዩአት። ታሪኳ ብቻውን አስፕሪን ለማስጀመር በቂ ምክንያት ነው፤ የሚከለክላት ነገር አለመኖሩን አጣሩና በጊዜ ትጀምር።