ሆዴ ላይ የተደረገችው ነጥብ

ዛሬ ሆዴ ላይ የሚለጠፈውን የሽንት ከረጢት ስቀይር ሰዓት ያዝኩ። 7 ደቂቃ። የመጀመሪያው ቀን ከአንድ ሰዓት በላይ ታግዬ፣ አልሆን ሲለኝ መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ቁጭ ብዬ አልቅሻለሁ። ፊኛዬ ከወጣ 5 ወር ሆኖታል። ሳልረሳው ልጻፈው ብዬ ነው።

የጀመረው በደም ነው። ሽንቴ ቀልቶ አየሁ፤ ግን ምንም አላመመኝም። በሁለተኛው ቀን ጠራ። ሐኪም ዘንድ ስሄድ "የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው" ተባልኩና አንቲባዮቲክ ተሰጠኝ። ደሙ ተመልሶ መጣ። እንደገና አንቲባዮቲክ። በሦስተኛው ሌላ ሐኪም አገኘሁ። "ለመሆኑ ሽንትዎ ሲመረመር ጀርም ተገኝቶ ነበር?" አለችኝ። አልተገኘም። ፊኛዬ በካሜራ እንዲታይ የላከችኝ እሷ ናት። ሕመም የሌለው ደም ዋናው የፊኛ ካንሰር ምልክት መሆኑን፣ በሴቶች ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ኢንፌክሽን እየተባለ እንደሚታለፍ የሰማሁት በኋላ ነው። እነዚያን ወራት ሳስብ እስከ ዛሬ እናደዳለሁ።

ውጤቱን የነገረኝ ሐኪም ቆሞ ነበር። በሩም ክፍት ነበር። "ጡንቻው ውስጥ ገብቷል፤ ፊኛው መውጣት አለበት" አለ። ከዚያ በኋላ ብዙ ተናገረ፤ እኔ ግን አልሰማሁትም። ማሕፀኔና እንቁላል ማፍሪያዎቼም አብረው እንደሚወጡ ያወቅሁት የስምምነት ወረቀቱን ስፈርም ነው። አንብቤ ደነገጥኩ። ልጆቼን ወልጃለሁ፤ የወር አበባም ካቆምኩ ቆይቻለሁ። ቢሆንም ማሕፀኔ የእኔ ነው። በአፍ ሊነገረኝ ይገባ ነበር።

ቀዶ ሐኪሙ ግን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ወረቀት ላይ እየሣለ አስረዳኝ። ከትንሹ አንጀቴ 15 ሴንቲሜትር ያህል ይቆረጣል፤ ከኩላሊቶቼ የሚወርዱት ሁለት ቱቦዎች እዚያ ላይ ይሰፋሉ፤ ሌላኛው ጫፍ በሆዴ በኩል ይወጣል። አሜሪካዊው ሐኪም ዩጂን ብሪከር እ.ኤ.አ. በ1950 ካስተዋወቀው ጀምሮ ሲሠራበት የኖረ ዘዴ ነው አለኝ። ይህን ስሰማ ቀለል አለኝ። ከአንጀት አዲስ ፊኛ መሥራትም ይቻል ነበር። ግን ሌሊት በማንቂያ ደወል እየተነሱ መሽናትን፣ ሽንት መያዝን እንደ አዲስ መማርን ይጠይቃል። አሰብኩበትና ከረጢቱን መረጥኩ። ማንም አልገፋፋኝም።

ከሁሉም የማልረሳው ግን ከኦፕራሲዮኑ በፊት ያለውን ቀን ነው። የስቶማ፣ ማለትም ሽንቱ በሆድ በኩል የሚወጣበት ቀዳዳ፣ ነርሷ መጣች። "ሱሪ ነው ቀሚስ የሚያዘወትሩት? መቀነትዎን የት ጋ ነው የሚያስሩት?" አለችኝ። ቁሙ አለችኝ፣ ቆምኩ። ተቀመጡ፣ ጎንበስ በሉ፣ ተኙ። ሆዴ የት ጋ እንደሚተጣጠፍ፣ ዓይኔ የት ድረስ እንደሚያይ ልብ ብላ አየች። ከዚያ ስቶማው የሚወጣበት ቦታ ላይ በእስክሪብቶ ትንሽ ነጥብ አደረገች። ትንሽ ውሃ ያለበት ከረጢት ለጠፈችልኝና "ዛሬ ማታ አብረው ይደሩበት" አለችኝ። ስትወጣ በሩን ዘግታ ተመለሰች። "ከባለቤትዎ ጋር ስላለው ነገርም መጠየቅ ይችላሉ፤ አይፈሩ" አለች። በዚያ ሁሉ የሐኪም ምልልስ ይህን ያነሳልኝ ሌላ ሰው የለም። ጠየቅኳት። በግልጽ መለሰችልኝ።

ስነቃ ሰውነቴ ሁሉ ቱቦ ነው። ነጥቧ የነበረችበት ቦታ ላይ ቀይ፣ እርጥብ፣ የከንፈር ውስጥ የሚመስል ነገር ወጥቷል። ሲነካ አያምም። አንጀቴ ሥራ እስኪጀምር ቀናት ፈጀ፤ በ4ኛው ቀን አስታወከኝና ቱቦ በአፍንጫዬ ገባ። ያ ሌሊት ክፉ ነበር። የሌሊቷ ነርስ ግንባሬን በእርጥብ ጨርቅ እየጠረገች ቆየች። ምንም አላለችም። ያን ጊዜ ወሬ አያስፈልገኝም ነበር፤ አውቃዋለች።

ጠዋት ጠዋት ሐኪሞቹ በቡድን ይመጣሉ። አንሶላውን ገልጠው ያያሉ፤ "6 ቁጥር" እያሉ ያወራሉ። ዓይኔን ያየኝ አንድ ተማሪ ነበር። አንዲት ነርስ ደግሞ ከረጢቱን ስታፈስ ፊቷን አዞረች። ደክሟት ይሆናል። እኔ ግን ያን ቀን ሙሉ ባለቤቴ እንዲያየኝ አልፈለግኩም።

ቤት ስገባ ዝምታው አስፈራኝ። ደም እንዳይረጋ የሚወጋውን መርፌ 28 ቀን እስኪሞላ ለራሴ መውጋት ነበረብኝ፤ እሱ አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ መፍሰሱ ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ አልጋው ርሶ ነቃሁ። ባለቤቴ ተነሳ፣ አንሶላውን ገፈፈ፣ ሌላ አነጠፈ። "ተኚ፣ ምንም አይደለም" አለኝ። ሲነጋ ለስቶማ ነርሷ ደወልኩ። "ስቶማው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እያነሰ ይሄዳል፤ የከረጢቱን ቀዳዳ እንደ ድሮው ልክ እየቆረጡት ነው። እንደገና ይለኩት" አለችኝ። ለካሁት። ልክ ነበረች። ጠዋት ምንም ሳልጠጣ እንድቀይር የነገረችኝም እሷ ናት፤ ያኔ ሽንቱ ስለሚቀንስ እጅ ይፈታል። ሽንቴ ውስጥ ንፍጥ የሚመስል ነገር ሳይ ኢንፌክሽን መስሎኝ ተሸብሬ ነበር። አንጀቱ የድሮ ሥራውን ስላልተወ ነው አለችኝ።

ትናንት ደግሞ እሷው ደወለች። አንዲት ሴት በሚቀጥለው ሳምንት ልትገባ ነው፤ ከዚህ ያለፈ ሰው ማናገር ትፈልጋለች፤ ፈቃደኛ ነኝ ወይ? አዎ አልኩ። ነገ ትደውልልኛለች። ስለ ከረጢቱ ነርሷ በደንብ ታስረዳታለች። እኔ መጀመሪያ የምጠይቃት ስለ ማሕፀኗ ማንም ነግሯት እንደሆነ ነው። ካልነገሯት፣ ከወረቀት አንብባ ከምትደነግጥ እኔ ብነግራት ይሻላል።