«እዚህ ነኝ!» የሚል ባንኮኒ

ለአንድ የሕዝብ አገልግሎት ሕንፃ የታዘዘ አዲስ የእንግዳ መቀበያ ባንኮኒ ልንገጥም ሄድን። ሥዕሉ ያምራል፦ ርዝመቱ 3.60 ሜትር፣ ጥልቀቱ 80 ሳንቲም፣ ቁመቱ 1.20፣ ከላይ ግራናይት። ከኋላው አንዲት ሴት ቆማ ትስቃለች። (ሥዕል ላይ ወንበር የሚባል ነገር የለም፤ ሁሉም ቆሞ ነው የሚስቀው።)

ዋናው በር የሚሽከረከር መስታወት ስለሆነ በጎን በር አስገባነው። ኮሪደሩ መታጠፊያ ላይ ቆመ። 1.50 ስፋት ባለው ኮሪደር ቀጭን ጣውላ ቢሆን 4 ሜትርም መታጠፊያውን ያልፋል፤ 80 ሳንቲም ጥልቀት ያለው ዕቃ ግን ከ2.60 ካለፈ አለቀለት። አናጺው ደግሞ አንድ ወጥ አድርጎ፣ በሙጫ አጣብቆ ነው የላከው። ጥበቃው «ትንሽ ወደ ግራ» እያለ ቢያበረታታንም፣ መሐሉን በመጋዝ ከመቁረጥ ሌላ መፍትሔ አልነበረም። ሁለቱን 1.80 ቁራጮች ውስጥ በውስጥ በብሎን አሰርናቸው። ከመጀመሪያውም እንደዚያ መሠራት ነበረበት።

ግራናይቱን ጫንን፣ እንግዳ ተቀባይዋ መጥታ ተቀመጠች። ጠፋች።

ነገሩ ሒሳብ ነው። ተራ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይኑ ከወለል 1.15 እስከ 1.20 ላይ ይውላል። የባንኮኒው ጫፍም 1.20። አጠገቡ የደረሰ ሰው ቁልቁል ያያታል፤ ከበሩ ለሚገባው ግን የሚታየው ፀጉር ብቻ ነው። ባለጉዳዩ ገብቶ ማንም የለም ብሎ ሊያልፍ ሲል «ወንድሜ፣ እዚህ ነኝ!» የሚል ድምፅ ይሰማል። አንዱ ወደ ጣሪያው ድምፅ ማጉያ አንጋጦ «አቤት» አለ።

ኃላፊው መላ አመጡ፦ «ከሥሯ 20 ሳንቲም መድረክ ይሠራላት።» ተሠራ። ፊቷ ታየ፤ ጉልበቷ ግን መግቢያ አጣ። የመሥሪያ ጠረጴዛዋ ከወለሉ 75 ሳንቲም ላይ ነበር፤ መድረኩ 20 ሲበላበት 55 ቀረ። ጎን ለጎን ተቀምጣ መጻፍ ጀመረች። ወንበሩም ባለጎማ ነው። ኮፒ ልታነሳ ብድግ ስትል ወደ ኋላ ሸርተት ብሎ ከመድረኩ ብቻውን ወረደ። ጠርዙ ላይ ማገጃ እንኳ አልተደረገለትም።

መድረኩ ተነሣ፣ ባንኮኒው ተቆረጠ። ለቆመ ሰው መፈረሚያ 1.05 ይበቃል፤ እንዲያውም ለአጭር ሰው ክንድ ይሻላል። ከዳር በኩል 90 ሳንቲም ርዝመት ያለውን ክፍል ወደ 75 ዝቅ አደረግነው፤ በእንግዳው በኩልም ሥሩን 70 ከፍታና 50 ጥልቀት ባዶ ተውነው፣ ዊልቸር ያለው ሰው ጉልበቱን አስገብቶ ፊት ለፊት እንዲቀርብ። ያለዚያ ባዶ ቦታ ዝቅ ማድረጉ ለይስሙላ ነው፣ ሰውዬው በጎኑ ቆሞ አንገቱን ያጣምማል። ያደከመን ግራናይቱ ነው። የ2 ሳንቲሙ ግራናይት በካሬ ሜትር 54 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ የኛውን አውርዶ ቆርጦ እንደገና መስቀል።

ለርክክብ ስንመለስ ዝቅ ያለው ክፍል ላይ ፕሪንተር ተቀምጧል፣ ከጎኑ የአበባ ማሰሮ። ለምን ብንል፣ ያለው ሶኬት እሱ ጋ ብቻ ነው! በኋለኛው በኩል ባለ 6 ሶኬት መስመር ዘረጋን፣ ለገመድ ማሳለፊያም 6 ሳንቲም ቀዳዳ በሳን። ፕሪንተሩ ተነሣ። አበባው ላይ ግን ኃላፊው ገና አልተስማሙም።